«ታብሌቱ እጅሽ ቀርፋፋ ነው አለኝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢዎች። በዚህ ወር ከሐዋሳ አራት ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የጠየቁት ግን አንድ ነገር ነው። በታብሌት፣ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ተፈትነናል፣ የወጣውን ቁጥር ምን ያህል እንመነው? የሰውን የጣት ፍጥነት፣ ንቃትና የማስታወስ ችሎታ የሚለኩ ፈተናዎችን እየፈተሽኩ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ጉዳዩ በጣም ያሳስበኛል። ሰው ከስክሪን ላይ ቁጥር ሲነበብለት ዝም ይላል፣ ክርክር የለም። እኔ ግን ዝም እንዳትሉ ነው የምፈልገው።

«እህቴ የ19 ዓመት ልጅ ናት። ከገጠር መጥታ አቶቴ አብራኝ ትኖራለች። በቅርቡ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ልትቀጠር ሄዳ ሁለት ፈተና ሰጧት። አንዱ ታብሌት ላይ የሚበራ ነጥብ ቶሎ ቶሎ መንካት ነው፣ ሌላው ትንንሽ ዘንግ ቀዳዳ ውስጥ መክተት። እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ነው የሠራችው፣ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ‹እጅሽ ቀርፋፋ ነው› ተብላ ከማሽን ይልቅ ክር መቁረጥ ላይ መደቧት። አሁን እሷም አምናዋለች። ቤት ውስጥ ሲኒ ስታነሳ እንኳ ‹የእኔ እጅ አይረባም› ትላለች። ይሄ ፈተና እውነት ይህን ያህል ያውቃል?» ከአቶቴ

እህቴ፣ ያን ያህል አያውቅም። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያት።

የዘንግ ፈተናው የቆየ ነው። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ጆሴፍ ቲፊን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ሰሌዳ አለ፤ ዓላማውም ያኔ እንደ አሁኑ የፋብሪካ ሠራተኛ መምረጥ ነበር። በቀኝ እጅ 30 ሰከንድ፣ በግራ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ በሁለቱም። መጥፎ ፈተና አይደለም። ግን ከጥንቱም የታወቀ ጉዳይ አለ፦ አንዴ ብቻ ተሠርቶ የተገኘ ውጤት፣ ሦስቴ ተሠርቶ ከተገኘው በጣም ያነሰ እምነት ነው የሚጣልበት። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሰው መጀመሪያ ሲሞክር የሚለካው እጁ ብቻ አይደለም። መመሪያው ገባው አልገባው፣ ደነገጠ አልደነገጠ፣ ሌሊቱን በመኪና ሲንገላታ አድሮ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቆ «የእጅ ፍጥነት» በሚል ስም ይወጣል።

የታብሌቱ ደግሞ ይብሳል። ስማርት ስልክ ይዛ ያደገች የከተማ ልጅና ታብሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የነካች ልጅ እኩል አይጀምሩም። ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ስክሪኑ ጣትን የሚያውቀው በቆዳው ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው። በጣም የደረቀ ወይም በሥራ የሻከረ ጣት ሲነካው አንዳንዴ አይሰማም። እንጨት ስትለቅምና ውሃ ስትቀዳ ያደገች ልጅ ነክታ «አልነካሽም» ልትባል ትችላለች ማለት ነው። ይሄ የእሷ ቀርፋፋነት አይደለም።

ከዚህ በላይ ግን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ነጥብ መንካት ስፌት ነው ወይ? ስፌት ላይ እግር ፔዳሉን ይቆጣጠራል፣ ሁለት እጅ ጨርቁን ይመራል፣ ዓይን መርፌውን ይከተላል፣ ሦስቱ አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። ፈተናው ለዚህ ሥራ የሚበጅ መሆኑ የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛ ያመጡትም ከፍተኛ ያመጡትም ማሽን ላይ ተቀምጠው፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ማን ስንት ቁራጭ እንዳወጣና ስንቱ እንደተመለሰበት ተቆጥሮ፣ ያ ከፈተናው ነጥብ ጋር ሲተያይ። ዝቅተኛ ያመጡት ማሽን ጨርሶ ካልነኩ ፋብሪካው ተሳስቶ እንደሆነ መቼም አያውቅም። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሆነች ልጅ ክር ስትቆርጥ ትውላለች፣ ማንም አያይም።

ምን ታድርግ? ለሱፐርቫይዘሯ በትህትና እንዲህ ትበል፦ «ያኔ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ያየሁት። ትንሽ ተለማምጄ ሦስት ጊዜ ልሞክርና የሦስቱ አማካይ ይያዝልኝ። ካልሆነም አንድ ሳምንት ማሽን ላይ ልቀመጥና እዩኝ።» ይህ ልመና አይደለም፤ ፈተናው በትክክል ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጠው። ቤት ደግሞ ሲኒ ስታነሳ ያንን ቃል አታስደግሚያት።

«የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የባጃጅ ሾፌሮችን ንቃት እየለካሁ ነው። ስልክ ላይ የሚሠራ አፕ ራሴ ሠራሁ፤ ስክሪኑ ቀለም ሲቀይር ይነካሉ፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ጠዋት ፒያሳ፣ ማታ መናኸሪያ አካባቢ ሄጄ ያንኑ ሰዎች ለካሁ። ማታ በአማካይ 40 ሚሊሰከንድ ዘግይተዋል። ጠዋት በራሴ ስልክ ነበር፣ ማታ ባትሪዬ ስለሚያልቅ በጓደኛዬ ስልክ። ‹ቀይ› የሚል ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ቀለሙን የሚናገሩበት ሁለተኛ ፈተናም አለኝ። አማካሪዬ ‹ፈተናህ አስተማማኝ መሆኑን በምን አረጋገጥክ?› አለኝ። ከየት ልጀምር?» ከታቦር

ወንድሜ፣ አማካሪህ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀህ። ከስልኩ ጀምር።

ብዙ የስልክ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። አንዱ መታደስ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ቀለሙ ይቀየር ብለህ ብታዝም ቀጣዩ ዙር እስኪደርስ አይታይም። ከዚያ ጣት ሲነካ ስልኩ ያንን እስኪያውቀው በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ያልፋሉ፣ መጠኑም ከስልክ ስልክ ይለያያል። ጤነኛ ወጣት ብርሃን አይቶ በጥሩ መሣሪያ ሲለካ ምላሹ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። እንግዲህ አንተ ያገኘኸው 40 ከሾፌሮቹ ድካም ይሁን ከጓደኛህ ስልክ የሚለይበት መንገድ የለህም። እኔም አንድ ጊዜ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ሁለት ላፕቶፕ ተጠቅሜ አንዱ ቡድን ከሌላው ፈጣን ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ጽፌ፣ በኋላ ላፕቶፖቹን ሳቀያይር ፍጥነቱም አብሮ ተቀያየረ። ጽሑፉን ጣልኩት። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ግን በወረቀት ከመውጣቱ በፊት በመታወቁ ደስ ብሎኛል።

ስለዚህ ፓወር ባንክ ተዋስና ጠዋትም ማታም በአንድ ስልክ ለካ። የስልኩን መዘግየት ራስህ ልታየው ትችላለህ። በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስሎሞሽን ያለው ስልክ ፈልግ፣ ጣትህ አፕህን ሲነካና ስክሪኑ ምላሽ ሲሰጥ ቅረጽ፣ ከዚያ በመሃል ያሉትን ምስሎች ቁጠር። አንዱ ምስል ወደ 4 ሚሊሰከንድ ነው። ሃያ ጊዜ ደጋግመው። ይህን ቁጥር ጽሑፍህ ውስጥ ብታስገባ አማካሪህ ደስ ይለዋል።

ሁሉንም ሰው ጠዋት አስቀድመህ ማታ አስከትለህ መለካትህም ችግር አለው። ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ይለምዳል። ልምምዱ ድካሙን ሊሸፍንልህ ይችላል። ግማሾቹን ማታ ጀምርባቸው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። አንድ ፈተና አስተማማኝ ነው የሚባለው ያንኑ ሰው በሌላ ቀን ስትለካው ያንኑ ነገር ሲነግርህ ነው። ይህን በቁም ነገር ከያዙት ሰዎች መካከል አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የነበረው የባሕር ኃይል ላቦራቶሪ ይገኝበታል። መርከብ ሲናወጥ የመርከበኛው አእምሮና እጅ ምን ይሆናል የሚለውን ማወቅ ፈለጉ። ግን አስቀድመው መለኪያዎቹን ራሳቸውን መለኩ። ሰዎችን በተረጋጋ ቦታ አስቀምጠው ያንኑ ፈተና ለብዙ ቀናት ደጋግመው አሠሯቸው። ውጤታቸውን ጠቅልለው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ የፈተሿቸው መለኪያዎች 114 ነበሩ። ያለ ችግር ያለፉት ከግማሽ በታች ናቸው። ያልፋሉ ተብለው የተጠበቁ፣ ስመ ጥር የሆኑ ፈተናዎች ወደቁ።

እነሱ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፣ አንተም ጠይቅ። አማካዩ መቼ ነው መጨመር የሚያቆመው? በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ስፋቱ ይረጋል ወይ? ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ የሰዎቹ ደረጃስ ይረጋል? ሠላሳ ሾፌር ለካህ እንበል። የሠላሳዎቹ አማካይ ሰኞም ማክሰኞም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰኞ አንደኛ የነበረው ማክሰኞ ሃያኛ፣ ሃያኛው ደግሞ ሦስተኛ ከሆነ ፈተናህ ገና አልረጋም። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ግን ረግቷል ይላል። ስለዚህ ጥቂት ፈቃደኞች ፈልግና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አሠራቸው፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ቀን ውጤት ከሌላው ቀን ጋር አዛምድ። ዝምድና የሚባለው ሁለት ውጤቶች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ወደ 1 በቀረበ መጠን ጥሩ ነው። የዝምድና ቁጥሮቹ ከስንተኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቀራረቡ እይ። ሾፌሮቹን መለካት ያለብህ ከዚያ ልምምድ በኋላ ነው።

ዝምድናው ዝቅ ካለብህ ተስፋ አትቁረጥ፣ ፈተናውን አርዝመው። ስፒርማንና ብራውን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1910 ያወጡት ስሌት አለ፦ አስተማማኝነቱ ከ1 0.60 የሆነ ፈተና እጥፍ ቢረዝም ወደ 0.75 ይደርሳል። አንተ ስንት ሙከራ እንደምታሠራቸው አልጻፍክም። አሥር ከሆነ ያንሳል።

አማካዩንም ብቻውን አትያዝ። የምላሽ ሰዓት ወደ አንድ ወገን የተንጋደደ ነው፤ አንድ ጊዜ የተዘናጋ ሰው አማካዩን ሁሉ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረህ መሃለኛውን ቁጥር ውሰድ። ከ100 ሚሊሰከንድ በታች የመጣውን አውጣው፤ ሳያይ ገምቶ ነው የነካው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ ደግሞ ዋናው ምልክት አማካዩ አይደለም፣ መዘናጋቱ ነው። ዴቪድ ዲንጅስና ጆን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት የንቃት ፈተና 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ በየምልክቱ መካከል ያለው ቆይታ ከ2 እስከ 10 ሰከንድ እየተለዋወጠ ሰውዬው መገመት አይችልም፣ ከዚያ ከ500 ሚሊሰከንድ በላይ የዘገየው ስንት ጊዜ እንደሆነ ይቆጠራል። ሌላው ውበቱ ሰው ደጋግሞ ቢሠራው ብዙም አለመሻሻሉ ነው። ለባጃጅ ሾፌር የሚበጀው ይሄ ይመስለኛል። አደጋ የሚመጣው ሁልጊዜ 40 ሚሊሰከንድ በመዘግየት አይደለም። ለአንድ ሰከንድ ጭልጥ ብሎ በመሄድ ነው።

የቀለሙን ፈተና ግን ብትተወው እመክርሃለሁ። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የጆን ሪድሊ ስትሩፕ ነው፣ ክፍል ውስጥ ሲያሳዩት ሁሌም ይሠራል። ቃሉና ቀለሙ ሲጋጩ ሁሉም ሰው ይዘገያል። ችግሩ ያለው ሰውን ከሰው ስታወዳድር ነው። አንተ የምትጠቀመው የሁለት ምላሽ ጊዜዎችን ልዩነት ነው፣ ቃሉና ቀለሙ ሲጋጩ ከወሰደው ላይ ሳይጋጩ የወሰደው ተቀንሶ። ስሌቱን ተመልከት፤ የሚጋጨውም የማይጋጨውም ክፍል አስተማማኝነታቸው 0.80 ቢሆን፣ እርስ በርሳቸው ያላቸው ዝምድና 0.70 ቢሆን፣ ሁለቱን ስትቀናንስ የሚተርፍህ አስተማማኝነት 0.33 ብቻ ነው። ሁለት ጥሩ ቁጥር ተቀናንሶ ደካማ ቁጥር ይወልዳል። በዚያ ላይ ቃሉ የሚያደናቅፈው ማንበብ የለመደን ሰው ነው። ከሾፌሮችህ መካከል በሲዳምኛ፣ ማለትም በላቲን ፊደል የተማረ ይኖራል፣ ትምህርት በጊዜ ያቋረጠም ይኖራል። «ቀይ» የሚለውን ሲያይ ቶሎ ካላነበበው አይደናቀፍም፣ አፕህም «ትኩረቱ የሚገርም ነው» ይልሃል። የሚለካው ንባብ ሆኖ ሳለ።

ጽሑፍህን ስትጨርስ ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።

«34 ዓመቴ ነው። ስልኬ ላይ የአእምሮ ጨዋታ አውርጄ ‹አንጎልህ የ52 ዓመት ነው› አለኝ። ለአንድ ወር ስከፍል ወደ 38 ወረደ። እውነት ተሻሽያለሁ?» ከዳቶ

በጨዋታው ተሻሽለሃል። ያ እውነት ነው፤ ማንም ሰው አንድ ጨዋታ ወር ሙሉ ቢጫወት ይሻሻላል። ከጨዋታው ውጭ ስለመሻሻልህ ግን ቁጥሩ ምንም አይልም። ሉሞሲቲ የተባለው ታዋቂ የአእምሮ ጨዋታ ድርጅት ማረጋገጫ በሌለው ማስታወቂያ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ጋር በ2 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። የ52 ዓመቱ ነገር አያስጨንቅህ። ክፍያውን አቁም፣ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር ተራመድ።

«አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለደም ግፊት ክትትል ሄደን በታብሌት የማስታወስ ፈተና ተሰጣቸው። ‹ክብ ሰዓት ይሳሉና አስራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያድርጉት› ሲባሉ አጭሩን ቆጣሪ 5 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ ሳሉ። ስህተት ተባለ። ዓመተ ምሕረቱንም ስህተት አላቸው። ‹የመርሳት ችግር ሊኖር ይችላል› ተብለን መጣን። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብለዋል፣ ጋዜጣ እንኳ አያነቡም። ምን ላድርግ?» ከአላሙራ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። አባትሽ የሳሉት ሰዓት ትክክል ነው።

አስቢው። በእኛ አቆጣጠር አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ በፈረንጅ በተሞላው የግድግዳ ሰዓት ላይ አጭሩ ቆጣሪ ያለው 5 ላይ ነው። አባትሽ ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ የነበረውን ሰዓት ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሲያነቡት ኖረዋል። ረጅሙን 2 ላይ ማድረጋቸው ደግሞ አሥር ደቂቃውን በደንብ ማወቃቸውን ያሳያል። እንዲያውም በሐሳብ ተሻግረው ተቃራኒውን ቁጥር አግኝተዋል፤ ይህ የደከመ አእምሮ ሥራ አይደለም። ፈተናው ሲዘጋጅ ግን አስራ አንድ ማለት 11 ቁጥር ላይ ነው ተብሎ ነው የታሰበው፣ ታብሌቱም ሌላ መልስ አያውቅም። ዓመቱም እንደዚያው። እሳቸው የእኛን ዓመተ ምሕረት ጽፈው ታብሌቱ የፈረንጁን ጠብቆ ከሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል።

እንዲህ ያሉ ፈተናዎች ትምህርትና ልማድ እንደሚነካቸው አዘጋጆቹም ያውቃሉ። ሞካ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከካናዳ የወጣው ባለ 30 ነጥብ ፈተና፣ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ ሰው 1 ነጥብ ይጨምራል። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር ማገናኘትም አለበት። እስቲ ሐዋሳ ውስጥ ይህን ስጡ። አንዱ ሀ ሁ ሂ ብሎ ይቀጥላል፣ አንዱ ሀ ለ ሐ መ ይላል፣ በሲዳምኛ የተማረው ወጣት ደግሞ በላቲኑ ቅደም ተከተል። የትኛው ነው ልክ? አስቀድሞ ካልተነገራቸው ሦስቱም ልክ ናቸው።

ይህን ስልሽ ግን ነገሩን ተይው ማለቴ አይደለም። ፈተናው ቢሳሳትም አባትሽን በቤት ውስጥ ማየት ያለብሽ አንቺ ነሽ። የለመዱት መንገድ ይጠፋቸዋል? አንድ ጥያቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ይጠይቃሉ? የጡረታ ገንዘባቸውን መቁጠር ተቸግረዋል? ይህ ካለ ሐኪሙ ይወቀው። ከሌለም ዓይናቸውና ጆሯቸው ይታይ፣ ስኳራቸው፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይደረግ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ይገምገም። አሁን የያዛቸው ዝምታም ለሐኪም መነገር አለበት፤ ሐዘን ራሱ ማስታወስን ያደክማል።

ከዚያ ፈተናው ይደገም። ጠዋት፣ እንቅልፍ ጠግበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከታብሌት ይልቅ በወረቀትና በእርሳስ። ፈታኙን አስቀድመሽ «ሰዓቱ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ዓመቱስ?» ብለሽ ጠይቂው። ውጤቱን ጽፎ ይስጥሽ፣ ወረቀቱን አስቀምጪው፣ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ በዚያው ዓይነት ፈተና ይታዩ። ያኔ የሚወዳደሩት ካናዳ ካለ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር ነው።

ዛሬ ማታ ግን የግድግዳውን ሰዓት አውርጂና አጠገባቸው ተቀመጪ። «አባዬ፣ አስራ አንድ ሰዓት ከአሥር የቱ ጋ ነው?» በያቸው። ሲያሳዩሽ፣ ታብሌቱ የፈረንጁን ሰዓት እየጠበቀ እንደነበር ንገሪያቸው።